ሟቹ ጠዋት ያመጡት አበባ

መምህሩ በመስታወት ቤታቸው ውስጥ፣ በሸራ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። አንገታቸው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል፤ መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል፤ ብርድ ልብሳቸው እስከ ወገባቸው ተስቧል። ለሚያያቸው ከምሳ በኋላ ሸለብ ያደረጋቸው እንጂ የሞቱ አይመስሉም። ከአጠገባቸው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሂቢስከስ፣ ያ የከርከዴ ዘመድ የሆነው ባለትልልቅ አበባ ቁጥቋጦ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቅጠሉ እያብረቀረቀ ቆሟል።

መርማሪዋ ስትደርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ የገባችበት ሳይታወቅ ወዲያ ማዶ ትወጣለች ለማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች። ጓንቷን እያወለቀች ዙሪያውን ቃኘች። እያንዳንዱ የመስታወት ስንጥቅ በፕላስቲክና በማጣበቂያ ተደፍኗል። መደርደሪያው ላይ ቴርሞሜትር፣ ቅጠል መወልወያ ጨርቅና የውሃ መርጫ በተርታ ተቀምጠዋል፤ ጥግ ላይ ባለ ቧንቧ የከሰል ምድጃ ቆሟል። ሂቢስከሱ የቆመበት ሸክላ ጠጠርና ውሃ በተሞላ ሰፊ ሳህን ውስጥ፣ ሳህኑ ደግሞ ጎማ በተገጠመለት ጣውላ ላይ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ያፈሰሰበት ቤት መሆኑን ለማወቅ ምርመራ አያስፈልገውም።

ውጭው ሌላ ዓለም ነው። ዝናብ ካየ ወራት ያለፈው አገር፤ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ሌሊት የወረደው ውርጭ ረፋድ ላይም በጥላ ሥር ነጭ ሆኖ ይታያል።

ሐኪሙ ቦርሳውን እየዘጋ «የከሰል ጭስ ነው» አላት። «ቆዳቸው ላይ ያለውን ቅላት አይተሽዋል። ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ያለቀላቸው።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያሳሰበህ?»

«እሱ ነዋ» አለና በአገጩ ወደ ግድግዳው ሥር አመለከተ።

ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ቡጢ የሚያሳልፍ የአየር ቀዳዳ አለ። ክፍት ነው። ቀዝቃዛ ነፋስ እንደ ፉጨት ይገባበታል። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነፋስ በሚገባበት ቤት ውስጥ ሰው በከሰል ጭስ ታፍኖ እንደማይሞት ነግሯት፣ የቀረው የሷ ሥራ መሆኑን አክሎ ወጣ።

መርፌ ተንበረከከች። በቀዳዳው የውጭ አፍ ላይ የተመታው ወንፊት ሽቦ አንድም ቦታ አልተነካም። በውስጥ በኩል ግን ሻካራው ሲሚንቶ ሁለት ቀጫጭን ክሮች ይዞ ቀርቷል፤ ሰማያዊ የሱፍ ክሮች። በወረንጦ ለቅማ ፖስታ ውስጥ ከተተቻቸው። ቀና ስትል ፊቷ ከሂቢስከሱ የታችኛው ቅርንጫፍ ጋር ሊላተም ምንም አልቀረው። ተክሉ ልክ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ነበር። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ ለስላሳ ናቸው፣ እንከን የላቸውም። ስለ አበባ ብዙ ስለማታውቅ ምን ማለት እንደሆነ ለጊዜው አልገባትም።

የመጀመሪያው ተጠያቂ ሳይጠራ መጣ። ምድጃውንና ቀዳዳውን የሠራው ምድጃ ሠሪ ነው፤ ወሬ እግር አለውና ሱቁ ድረስ ሄዶ አገኘው። በዚያ ብርድ ግንባሩ አልቦታል። ከአንድ ፖሊስ ጋር ጣሪያ ላይ ወጥቶ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ፈታ፣ ንጹሕ መሆኑን አሳየና ሲወርድ ትንፋሹ መለስ አለለት።

«እንዳትዘጉት ብዬ ሦስት ጊዜ ነው የነገርኳቸው» አለ። «መምህሩም ቢሆኑ ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ከኔ በላይ ያውቁታል። የፈራሁት ለተክሉ ነበር። ከዚህ የሚገባው ብርድ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል ስላቸው፣ ‹ቀን ለፀሐዩ ከመስታወቱ ሥር አቆመዋለሁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ› አሉኝ። ጎማውን የሠራሁላቸው ለዚያ ነው።»

መርፌ ጎማዎቹን አየች። ተክሉ ወደ ውስጥ አልተገፋም።

ሁለተኛው የሟች ታናሽ ወንድም ነበሩ። የቀድሞ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ከመስታወቱ ቤት በላይ ባለው ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ግራ ጉልበታቸው በሥራ ላይ ከተሰበረ ወዲህ አይታጠፍም፤ ሲቀመጡ እግራቸውን እንደ እንጨት ፊት ለፊት ዘረጉት። ሬሳውን ሦስት ሰዓት ላይ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ጎረቤት ቀደም ብሎ ነግሯታል፤ ጭሱ በመስኮታቸው እየገባ ስላስቸገራቸው «አንድ ቀን ይህን ቧንቧ ባልደፍነው» ብለው ሲዝቱ ያልሰማ የለም። ስትጠይቃቸው አልካዱም።

«ብያለሁ። ወንድምና ወንድም የማይባባለው የለም» አሉ። «ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ሚስቱን መጠበቅና ያንን ተክል ማታለል።»

«ማታለል?»

«ማታለል ነዋ። ሞቃት አገር ያለ እንዲመስለው። ውሃውን ለብ አድርጎ ያጠጣዋል፣ አየሩ እንዳይደርቅበት ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ይረጭለታል፣ ማታ ከሰል ያነድለታል። እኛን ሲበርደን ምድጃ ያነደደልን ሰው የለም» ብለው ሊስቁ ሞከሩና ሳቁ አፋቸው ላይ ቀረ።

ከዚያ ያለውን በአጭሩ ነገሯት። መምህሩ ሰሞኑን ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር የሳል ሽሮፕ ይጠጣሉ፤ ሽሮፑ እንቅልፍ ያመጣባቸዋል። ውርጭ በሚበረታበት ጊዜ እዚያው ወንበራቸው ላይ ስለሚያድሩ ማንም አልፈለጋቸውም። ወንድምየው ራሳቸው ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍላቸው ገብተው ሬዲዮ ሲሰሙ አመሹ።

የሟች ሴት ልጅ ሦስተኛዋ ነበረች። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፤ አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ትናንት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጥታ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለሰች። በቀጥታ አልጋዋ ውስጥ እንደገባችና አጎቷ ሲጮኹ እንደነቃች ተናገረች። ድምጿ የተጠና ይመስላል። መርፌ ግን ጆሮዋን ሰጥታ ዓይኗን ሌላ ቦታ ልካ ነበር። የልጅየዋ ጣቶች ቀልተዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደቆየ እጅ ቆዳቸው ተሰነጣጥቋል። ከኩሽናው መስኮት ባሻገር ባለው ገመድ ላይ ደግሞ አንድ ልብስ ብቻ ተሰጥቷል፤ ሰማያዊ የሱፍ ሻል። ብርዱ አድርቆት እንደ ሳንቃ ገትሮታል።

«እናትሽን ላነጋግራቸው እችላለሁ?» አለቻት።

ልጅየዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ምን ታደርግልዎታለች? እናቴ የዛሬን ነገር አትይዝም። እንዲህ ከሆነች ሦስት ዓመቷ ነው። አባቴ መሞቱንም ገና አልነገርናትም።»

«አልነግራቸውም።»

እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትከሻቸውን በሁለት እጃቸው ያሻሉ። ፀጉራቸው ተበጥሯል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፤ ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ከራስጌያቸው በውሃ ብርጭቆ ውስጥ መዳፍ የሚያህል ቀይ የሂቢስከስ አበባ ፈክቷል።

«አበባውን ማን አመጣልዎት፣ እማማ?»

«እሱ ነዋ» አሉ፣ ይህን የማያውቅ ሰው በመኖሩ እየተገረሙ። «ጠዋት ጠዋት ያመጣልኛል። የዚህ አበባ ዕድሜው አንድ ቀን ነው፣ ልጄ። ጠዋት ይፈካል፣ ማታ ይጠቀለላል፣ በነጋታው የለም። ስለዚህ ከእንቅልፌ ሳልነቃ አምጥቶ ያስቀምጥልኛል።»

«ዛሬም አመጡልዎት?»

«ይኸው፤ ስነቃ እዚሁ አገኘሁት።»

መርፌ አበባውን እያየች ቆየች። ከእኩለ ሌሊት በፊት የሞተ ሰው፣ ዛሬ ጠዋት የፈካ አበባ ቀጥፎ ለሚስቱ አይወስድም። ከዚያ ስለ ተክሉ ጠየቀቻቸው። ያን ጊዜ የሴትየዋ ፊት ተለወጠ። የትናንቱን የማይዘው አእምሯቸው የዱሮውን ሁሉ አጣርቶ ይዟል። ሥሩ ውሃ ላይ መቆም እንደሌለበት፣ በጸደይ ሲገረዝ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ሲያዘዋውሩት አኩርፎ እምቡጡን እንደሚያራግፍ ሳይደናገሩ አስረዷት።

«ከሁሉም አብልጦ የሚጠላው ምንድን ነው?»

«ብርድ» አሉ እማማ። «በተለይ ነፋስ ያለው ብርድ። አንድ ሌሊት ካገኘው ቅጠሉ ይጠቁራል፣ እንደተቀቀለ ይልፈሰፈሳል። ልጅ በይው። በልብስ እንደሚሸፍኑት ልጅ።»

መርፌ ብድግ አለች። ያለምክንያት አልነበረም፤ የታችኞቹ ቅጠሎች በጣቶቿ መካከል የነበራቸው ልስላሴ አሁን ትርጉም አገኘ።

እኩለ ቀን ላይ ሬሳው ሲነሣ ልጅየዋ ለእናቷ መርዶውን ነገረች። እማማ አለቀሱ፤ ደረታቸውን ደቁ፤ ከአልጋቸው ወርደው መሬት ተቀመጡ። ስምንት ሰዓት ላይ ግን ለባላቸው ምሳ እንዲቀመጥ ነገሩ፤ የት ሄዶ እንደቆየም ጠየቁ። እንደገና ተነገራቸው። ሐዘኑ እንደገና አዲስ ሆነባቸው። መርፌ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሁለቱንም ሰማች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በመስታወቱ ቤት እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ልማዷ ነው፤ እውነት በሁሉም ፊት ካልተነገረ በየጓዳው ሌላ መልክ ይይዛል ብላ ታምናለች። ልጅየዋ በር ላይ እጇን ያዘቻት።

«እናቴን ይተዉልኝ። እባክዎ።»

መርፌ ለአፍታ አመነታች። ነገር ግን እማማ ብቻ የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ቀርቷታል። ደግሞም ነገሩን አይከተሉትም፣ ቢከተሉትም አይይዙትም ብላ አሰበች። «አጭር ነው» አለቻት።

ተቀመጡ። ምድጃ ሠሪው ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩ ጥግ ቆመ። ወንድምየው እግራቸውን ዘረጉ። እማማ የልጃቸውን ካፖርት ደርበው የባላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡና ተክሉን ማየት ጀመሩ።

«ከቅጠሉ ልጀምር» አለች መርፌ። «ትናንት መምህሩ ይህን ተክል ወደ ውስጥ አልገፉትም። ከሰሉን አቀጣጥለው፣ ሽሮፑን ጠጥተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ተክሉ ከቀዳዳው ፊት አደረ። ሌሊቱን ውርጭ ነበር። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ቢያድር እነዚህ የታችኞቹ ቅጠሎች ዛሬ ጥቁር በሆኑ ነበር። አንዱም አልተነካም። ስለዚህ ቀዳዳው ሌሊቱን ተዘግቶ ነበር፤ የተከፈተው ጠዋት ነው።»

ምድጃ ሠሪው ዓይኑን ጨፈነ።

«ማን ከፈተው? አበባው ይነግረናል። ዛሬ የፈካው አበባ ከእማማ ራስጌ ነው ያለው። ሟች አልቀጠፉትም። ሬሳው በሦስት ሰዓት ከመገኘቱ በፊት እዚህ የገባ ሰው አለ። የመምህሩን ልማድ የሚያውቅ፣ እማማ ተነሥተው እንዳይፈልጓቸው የፈለገ ሰው። በዚህ ውርጭ አንድ ሻል ብቻ አጥቦ ያሰጣም እሱ ነው።» ወደ ልጅየዋ ዞረች። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገብተሽ አባትሽን አገኘሽ። ሻሉን ከቀዳዳው ነቅለሽ አወጣሽ። ሲሚንቶና ጥላሸት ይዞ ስለነበር አጠብሽው። ሁለት ክር ግን ቀርቶብሻል።»

የልጅየዋ እንባ ያለድምፅ ይወርድ ጀመር።

ወንድምየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቷን ተያት፣ ልጄ» አሏት፤ ከጠዋት ጀምሮ እርስዎ ሲሏት የነበረው ቀርቶ። «የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጭሱ አስቸግሮኝ ነው። ማታ መጥቼ ጠቅጥቄ ወተፍኩት። አስሪኝ።»

«በምን ወተፉት?»

«በ… በጆንያ።»

«ቀዳዳው ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው፤ ያለ መንበርከክ አይደረስበትም። እርስዎ ጉልበትዎ አይታጠፍም። በውጭ እንዳይሉኝ ሽቦው አልተነካም። የተወተፈበትም ጆንያ አይደለም። ደግሞም ያስቸገረዎት ቧንቧው እንጂ ቀዳዳው አልነበረም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለማን ብለው እንደሚዋሹ ገብቶኛል።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉና አቀረቀሩ።

መርፌ ቀሪውን ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ መጨረስ እንደፈለገች ያስታውቅባታል። ልጅየዋ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ ሆስፒታል መዝገብ ላይ ፈርማለች፤ ያን ጊዜ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ምድጃ ሠሪው ሱቁ ነበር። በቤት ውስጥ የቀረ፣ ወደዚህ ክፍል ሊገባና ሊንበረከክ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ለመግደል አልመጣም። ለመግደል የመጣ ሰው የራሱን ሻል ትቶ አይሄድም።

ከእማማ ፊት ዝቅ ብላ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ሰማያዊ ሻልዎን ምን አደረጉት?»

እማማ ትከሻቸውን ዳሰሱ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ከሩቅ ሲመጣ ታየ።

«ለሱ ሰጠሁት» አሉ ወደ ተክሉ እየጠቆሙ። «ነፋሱ ይመታው ነበር። ባሌ አልገፋውም፤ ተኝቶ ነበር ደካማው። እኔ ብገፋው ጎማው ይጮሃል፣ ይነቃብኛል ብዬ… ቀዳዳውን ደፈንኩለት። ብርድ ልብሱንም ሳብ አደረግሁለት። በሩንም ቀስ ብዬ ገጠምኩት።»

እማማ ቀና ብለው የልጃቸውን ፊት አዩ፤ ከዚያ የባላቸውን ወንድም፣ ከዚያ የምድጃ ሠሪውን። በመጨረሻ ከምድጃው በላይ በባላቸው የእጅ ጽሕፈት የተለጠፈውን ካርቶን አነበቡ። «ይህ ቀዳዳ አይዘጋም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«እኔ ነኝ?» አሉ።

መርፌ አይከተሉትም ያለችውን እማማ ተከትለውታል፤ እስከ መጨረሻው። ልጅየዋ ወለሉ ላይ ወድቃ የእናቷን ጉልበት አቀፈች። «አይደለሽም፣ እማዬ፣ አይደለሽም» እያለች ደጋገመችው፤ እማማ ግን ልጃቸው ስትዋሽ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቃሉ። አልጮኹም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከወገባቸው ወደ ፊት ወደ ኋላ ይሉ ጀመር። ከውስጣቸው የሚወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር። ወንድምየው ሊነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታዘዘላቸውም። ምድጃ ሠሪው በሩን ከፍቶ ወጣና ግቢው መሐል ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። መርፌ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች፤ የሴትየዋን እጅ ለመያዝ እጇን ዘረጋች፣ መብት እንደሌላት ተሰማትና መልሳ ሰበሰበችው።

ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዲህ ቆዩ። ከዚያ እማማ ደከማቸው። መወዛወዛቸው ቀስ በቀስ ቆመ። ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እጃቸው ለምን እንደራሰ የማያውቁ መሰሉ። ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ ያለችውን ሴት በትሕትና አዩዋት።

«መሬት አይቀመጡም፣ ልጄ፤ ብርድ ነው» አሏት። «እሱን ፈልገሽ ነው? አሁን ይመጣል፣ ጠብቂው።»

መርፌ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ማስታወሻዋን ጻፈች። የምትከሰው ሰው የለም። ልጅየዋ ማስረጃ አጥፍታለች፤ እሱንም ቢሆን ዐቃቤ ሕጉ አንብቦ ይተወዋል። የሞት ምክንያት፣ ሰዓት፣ ሁኔታ፣ ሁሉም ተሟልቷል፤ እንዲህ ክፍተት የሌለው መዝገብ በአገልግሎት ዘመኗ አልጻፈችም። የእማማን ስም መጻፍ ያለባት ቦታ ስትደርስ ብዕሯን አንሥታ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ጻፈችው። ሌላ ምን ታድርግ።

በር ድረስ የሸኘቻት ልጅየዋ ናት። ውጭው መጨላለም ጀምሯል፤ ብርዱ ፊት ይገርፋል። ልጅየዋ ልብስ ሳትደርብ የበሩ ደፍ ላይ ቆመች።

«አልፈርድብዎትም» አለች። «ሥራዎ ነው። ግን ብዙ ሰው ያያሉና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ከእንግዲህ የሌሊት ተራ አልገባም፤ ከሷ ጋር ነኝ። ነገ ጠዋት ተነሥታ ‹የት ሄደ?› ትለኛለች። ከነገ ወዲያም። ሞቷል ካልኳት በየቀኑ ልገድልባት ነው። ይመጣል ካልኳት ቀኑን ሙሉ በር በር ታያለች። ምን ልበላት?»

መርፌ የጓንቷን ጣቶች እየሳበች «እኔ እንጃ፣ እህቴ» አለች። «እኔ እንጃ።»

ከቤቱ ውስጥ እማማ ተጣሩ። ልጅየዋ «አቤት፣ መጣሁ» አለችና ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ገባች፤ በሩን ግን ክፍት ጥላው ስለሄደች፣ መርፌ ልጅየዋ ተመልሳ እስክትዘጋው ድረስ ነፋሱን በጀርባዋ ከልላ እዚያው ቆመች።